ካምቢዮው ሳይወርድ

ጎንደር ላይ ዝም ያለ አሮጌ ኦራል ገንዳ ውሃ (ሸኸዲ) ሲደርስ ይጮሃል። መንገድ ላይ የተሰበረ ነገር የለም፤ ሕመሙን ከጎንደር ይዞት ነው የመጣው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በማለዳው ብርድ የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ስለሚሆን በላላው ኩሽኔታና በተበላው ጥርስ መካከል ገብቶ ድምፁን ያፍናል። መኪናው በአዘዞ ወጥቶ፣ አይከልን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ ግን ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን ብዙ ነው። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ታፍኖ የቆየው ጩኸትም ይወጣል። አሮጌ የወታደር መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ጎንደር ላይ ሰምቶ ዋጋ ከሚቆርጥ ሸኸዲ ድረስ አስነድቶ ቢሰማ ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ ካምቢዮ መጠገን አያስተምርም። የሚያወራው የመካኒክን ሥራ ስለ መመዘን ነው። መኪናችሁን ያስረከባችሁት ሰው ሕመሙን አውቆታል ወይስ እየገመተ ነው? የእኔ መመዘኛ አንድ ነው፦ ካምቢዮው ገና በቦታው እንደታሰረ ምን ያህል አውቋል? የከባድ መኪና ካምቢዮ ማውረድ ብዙ ክንድና ጠንካራ ሰንሰለት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ወጪው ግን ከሁሉም የሚከፋው አይደለም። ከሁሉም የሚከፋው ካምቢዮው ሲወርድ ምስክሩ ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው። ላሜራ ላይ የተቀመጠ ካምቢዮ አይጮህም፣ ማርሽ አይተፋም፣ አይሞቅም። ሳይሰማ ያወረደ መካኒክ ከዚያ በኋላ የሚያየው ያረጀ ብረት ብቻ ነው፤ በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ደግሞ ያላረጀ ብረት የለም። ስለዚህ ያየውን ሁሉ ይቀይራል፣ ወይም ዓይኑ ያረፈበትን አንዱን ይቀይራል።

መጀመሪያ የትኞቹን መኪናዎች እንደምል ልናገር። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ከሶቭየት ኅብረት የጎረፈው ትጥቅ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ትውልድ ሹፌርና መካኒክ ያሳደጉ መኪናዎችን አምጥቷል። በ1977ቱ ድርቅም ሶቭየት ኅብረት ከ12 አንቶኖቭ አውሮፕላኖችና ከ24 ሄሊኮፕተሮች ጋር 300 የጭነት መኪናዎችን ልካ ነበር። ኦራል የምንለው በኡራል ተራሮች ግርጌ ሚያስ በምትባል ከተማ የሚሠራው ባለ 6 እግር መኪና ነው። የቤንዚኑ 375 ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የናፍታው 4320 ደግሞ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመርቷል። ቤንዚኑ 7 ሊትር ሞተር ስላለው ነዳጁን ማን ይችለዋል ተብሎ ይቀለድበታል፤ ቀልዱ እውነት ነው። ከኦራል ሌላ የሞስኮው ዚል 131 እና ትንሹ ጋዝ 66 አሉ። ፊያት ኤንትሬ የወታደር መኪና ሆኖ አልተወለደም፤ ሆኖም በዚህ አገር የካምቢዮ ጆሮ የተቀረጸው በእሱ ስለሆነ ሳላነሳው አላልፍም።

ጥሩ መርማሪ ከሁሉ በፊት የትኛው ጩኸት ጤና እንደሆነ ያውቃል። የዚል 131 ካምቢዮ 5 ማርሽ አለው፤ ሲንክሮ (ዙሩን አስተካክሎ ማርሹን የሚያስገባው ቀለበት) ያላቸው ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ያሉት ናቸው። አንደኛና የኋላ ማርሽ ጥርሳቸው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ ገና ከፋብሪካ ሲወጡም ያፏጫሉ። አንድ ሰው «አንደኛ ላይ ያፏጫል» ብሎ ዚል ሲያመጣ ወዲያው ቁልፍ የሚያነሳ መካኒክ መኪናውን አያውቀውም ማለት ነው። ጋዝ 66 ላይ ሲንክሮ ያለው ሦስተኛና አራተኛ ላይ ብቻ ነው፤ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወርድ የሚንቋቋው ብልሽት ስላለው ላይሆን ይችላል፣ ሹፌሩ ከአይሱዙ የመጣ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የዱሮ የኤንትሬ ሹፌሮች ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጠው፣ መሐል ላይ ነዳጅ ሰጥተው ዙሩን አስተካክለው ያስገቡ ነበር። ያ እጅ ዛሬ እየጠፋ ነው። እኔ የማከብረው መካኒክ ካምቢዮውን ከመመርመሩ በፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ አንድ ዙር የሚሄድ ነው። ከጋራዡ በር ወጥቶ ሁለት ማርሽ ሲቀየር ካየ ብዙውን ጊዜ ግማሹን አውቆታል። ሹፌሩ ባለቤቱ ራሱ ሲሆን ይህን መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱም የሙያው አካል ነው።

ከሹፌሩ ቀጥሎ የሚመረመረው ፍሪሲዮን ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም «ካምቢዮ ተበላሸ» ተብሎ የሚመጣው መኪና ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮን በሽተኛ ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ፣ መኪናው ቆሞ ይደመጣል። ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚሰማው መንጎራጎር ሲረገጥ ከጠፋ ነገሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግና ከሥሩ ያለው ዘንግ ይቆማሉ፤ አብሯቸው የቆመው ድምፅ የእነሱ ኩሽኔታ ድምፅ ነው። በተቃራኒው ሳይረገጥ ዝም ብሎ ሲረገጥ የሚጮኸው ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮው ምንም አላደረገም። ይህን ለማወቅ አንድ እግርና ሁለት ጆሮ ይበቃል። ይህን ሳያደርግ ዋጋ የሚጠራ ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉት።

ሁለተኛው የፍሪሲዮን ፈተና ትዕግሥት ነው። መኪናው ቆሞ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥና የተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል፤ ከዚያ የኋላ ማርሽ ይገባል። ፍሪሲዮኑ በትክክል ከለቀቀ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘንጉ መቆም አለበት፤ ማርሹም ያለ ጩኸት ይገባል። ከጠበቁ በኋላም ካንቋቋ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። ሸራው ተጣሟል፣ የፔዳሉ ነጻ ጉዞ በዝቷል፣ ወይም ከፔዳሉ እስከ ፍሪሲዮኑ ያለው ማያያዣ ተበልቷል። የካማዝ ሞተር የተገጠመለት ኦራል ፍሪሲዮኑ ሁለት ሸራ ስላለው በመካከላቸው ያለው ሳህን ቦታውን ካልያዘ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል። እንዲህ ያለውን መኪና «ሲንክሮው አልቋል» ብሎ ካምቢዮውን የሚፈታ ሰው አዲስ ሲንክሮ አስገብቶ በወሩ ያንኑ አዲሱን ያስበላዋል።

ገንዳ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ያለው ዚል መጣ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ከአንድም ሦስት መኪና ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ገና ሳይወርዱ «ሲንክሮው ነው፣ አውርደው» አሉ። መካኒኩ በልጃቸው ዕድሜ የሚሆን ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይሙቅ» ብሎ ራሱ ነድቶት ሄደ። ሲመለስ ከካምቢዮው ሥር ገብቶ የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ፤ የመጀመሪያውን ጭላጭ ዘይት በመዳፉ ተቀበለና ወደ ፀሐዩ ወጣ። መዳፉን እያዘነበለ ዘይቱ ሲፈስ የቀረውን አየ። በቡሎኑ ጫፍ ባለው ማግኔት ላይ የተለጠፈውን ግራጫ ጭቃ በጣቱ አሸው፤ ለስላሳ ነበር። ከዚያ ዘይቱን መልሶ ሞላና ጋቢናው ውስጥ ገብቶ አንድ ቀጭን እንጨት ከፔዳሉ አጠገብ አቁሞ በእጁ ፔዳሉን ገፋ። እስኪከብድ ድረስ የሄደውን ርቀት እንጨቱ ላይ በጥፍሩ ምልክት አደረገ። የዚል ፔዳል ነጻ ጉዞ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዚያኛው ከዚህ በጣም አልፎ ነበር። ዘንጉን አሳጥሮ አስተካከለው፣ ማርሹም ገባ። ባለቤቱ ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ፤ «ለዚህች ነው እንዲህ የምታስከፍለኝ?» አሉ።

ቁጣቸው ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። እኛ ሰው መዶሻ ሲያነሳ፣ ላቡ ሲንጠባጠብ፣ ብረት መሬት ላይ ሲዘረጋ ካላየን ገንዘብ ማውጣት እናመነታለን። ስለዚህ መካኒኩም የማያስፈልገውን እንዲያወርድ እናለማምደዋለን። ጥሩ ምርመራ የሚፈልግ ሰው ለምርመራው ለብቻው ለመክፈል ይስማማ። ቀድሞ ዋጋ ይነጋገር፦ ለመስማትና ለማየት ይህን ያህል፣ ማውረድ ካስፈለገ ደግሞ ሌላ።

ያ ልጅ መዳፉ ላይ ምን ፈለገ? ማግኔት ላይ የሚገኝ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ብረት ከብረት ጋር ሲሠራ የሚወልደው ነው። ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ብናኝ ነሐስ ነው፤ የሲንክሮ ቀለበት እየተበላ ነው ማለት ነው። ጣት የሚወጋ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል፤ ያ መኪና አንድም ኪሎ ሜትር መሄድ የለበትም፣ እዚያው ይውረድ። ዘይቱ ነጥቶ አረፋ ከያዘ ውሃ ገብቶበታል። በዚህ አገር ይህ ሁሌም የሚጠረጠር ነው። በክረምት በሽንፋና በጓንግ በኩል ወዳሉት እርሻዎች የሚሄድ መኪና ወንዝ ሳይሻገር አይውልም። የጋለ ካምቢዮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በአንድ ጊዜ ይሸማቀቃል፤ በመተንፈሻውና በዘይት መያዣው ጎማ በኩልም ውሃ ይስባል። መተንፈሻው በዋልካ ጭቃ የተደፈነ ከሆነ ደግሞ በሌላ ጊዜ ሲግል ግፊቱ ዘይቱን በጎማው በኩል ያስወጣዋል። ዘይት ያፈሰሰ ካምቢዮ ሲያይ የዘይት መያዣውን ጎማ ከመቀየሩ በፊት መተንፈሻውን በሽቦ የሚወጋ መካኒክ ካያችሁ ስሙን ያዙ።

ስለ ዘይቱ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። 90 ቁጥር መግባት ያለበት ካምቢዮ ውስጥ 140 ተሞልቶ ለሽያጭ የሚቀርብ መኪና አለ፤ ወፍራሙ ዘይት ድምፁን ይውጠዋል። የባሰበት ሻጭ ሰጋቱራ ይጨምራል። ማፍሰሻውን አስከፍቶ አንድ ኩባያ ዘይት ሳያይ የሚገዛ ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው። ሲንክሮ ላለው ካምቢዮ ደግሞ ለዲፈረንሻል የተዘጋጀ ኃይለኛ ዘይት አይስማማም፤ ውስጡ ያለው ኬሚካል ነሐሱን ይበላል። ጥሩ ጋራዥ ውስጥ የሁለቱ ጣሳ ለየብቻ ነው የሚቀመጠው።

ፍሪሲዮኑና ዘይቱ ካለፉ ማርሽ በማርሽ ይደመጣል። እዚህ ላይ አንድ የአሠራር እውነት ይረዳል። በዚልም ሆነ በካማዙ ካምቢዮ አምስተኛ ማርሽ ቀጥተኛ ነው፤ ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር መውጫውም አንድ ዙር ይዞራል፣ ኃይሉ ከሥር ባለው ዘንግ በኩል አያልፍም። ሌሎቹ ማርሾች ሁሉ ግን ጭነታቸውን በዚያ ዘንግ ላይ ያሳርፋሉ፤ የዚል አንደኛ ማርሽ ሞተሩ 7.44 ዙር ሲዞር መውጫውን አንድ ዙር ነው የሚያዞረው፣ ስለዚህ ሸክሙ ከባድ ነው። ከአንደኛ እስከ አራተኛ የሚጮህ፣ አምስተኛ ላይ ዝም የሚል ካምቢዮ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው የሚያመው። አንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። አምስቱም ላይ ያለ ልዩነት የሚጮህ ከሆነ የመግቢያው ወይም የመውጫው ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ወይም ጭራሽ ካምቢዮው አይደለም።

«ጭራሽ ካምቢዮው አይደለም» የሚለው በወታደር መኪና ላይ ከሌላው ይበልጥ እውነት ነው። ከካምቢዮው ኋላ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እግር የሚያከፋፍል ትራንስፈር አለ፤ ከዚያም ዘንጎችና ሦስት ዲፈረንሻሎች። የሚያውቅ ሰው ትራንስፈሩን ዜሮ ላይ አድርጎ መኪናውን ሳያንቀሳቅስ ካምቢዮውን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያስገባል። የካምቢዮው ዘንጎች ሁሉ ይዞራሉ፣ እግሮቹ ግን ቆመዋል፤ በዚህ ጊዜ የሚሰማው የካምቢዮው ብቻ ነው። ረጅም ብረት አንዱን ጫፍ ኩሽኔታው ላይ፣ አንዱን ጆሮው ላይ አድርጎ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ ሙከራ ጭነት ስለሌለበት ሁሉንም አይናገርም፤ ግን ከየት እንደሚጀመር ያሳያል። ኦራልና ዚል ያላቸው ብዙዎች ይህ ዕድል መኖሩን እንኳ አያውቁም፤ አይሱዙ ላይ ስለሌለ ነው።

አስፋልት ላይ የሚያጉረመርም ኦራል ደግሞ ጎማው ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ትልልቅ የሆነው የጭቃ ጎማ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ላይ እንደ ካምቢዮ ይጮሃል። ሜዳ ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት ማርሹን ዜሮ አድርጎ ለአፍታ መልቀቅ ነው፤ ድምፁ ሳይለወጥ ከቀጠለ ጥርጣሬው ከካምቢዮው ወደ ጎማው ይዙር። ይህን ከአይከል ወደ ታች ባለው ቁልቁለት ላይ የሚሞክር ካለ ሕይወቱን ነው የሚሞክረው። ሌላም አሳሳች ነገር አለ፦ የትራንስፈሩ መካከለኛ ዲፈረንሻል ተቆልፎ ቀርቶ አስፋልት ላይ የሚነዳ ኦራል። የፊትና የኋላ እግሮች በኩርባ ላይ እኩል ስለማይሄዱ ዘንጎቹ እርስ በርስ ይወጣጠራሉ። ሹፌሩ «ማርሽ ከበደኝ፣ መሪ ጠነከረ፣ ጎማ ይበላል» ይላል። መድኃኒቱ የተጣበቀውን ማያያዣ መፍታት ሆኖ ሳለ ካምቢዮ የወረደበት መኪና አለ። እኔ ብሆን «ጎማው እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን መካኒክ እመርጣለሁ፤ አራቱም የኋላ ጎማዎች አንድ ዓይነት ሆነው የፊቶቹ ከእነሱ ካነሱም ያው ውጥረት ይመጣል።

ማርሽ መትፋት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ማርሽ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስትስብ ነው ወይስ ስትለቅ?» ነው። ዳገት ላይ ሲጎትት የሚተፋና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው የሚተፋ አንድ በሽታ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የሚጫኑት የጥርሱ ገጽታዎች ይለያያሉ። ምክንያቱ ሹካው መጣመሙ፣ ማርሹን በቦታው የሚይዘው ኳስና ሞላ መድከሙ፣ የጥርሱ ጫፍ መዶልዶሙ፣ ወይም ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መጫወቱ ሊሆን ይችላል። ደስ የሚለው ነገር የዚልም ሆነ የካማዙ ካምቢዮ ሹካዎች የላይኛው ክዳን ላይ መሆናቸው ነው። የጋቢናውን ወለል አንስቶ ክዳኑን ብቻ ፈትቶ ሹካውን፣ ኳሱንና ሞላውን ማየት ይቻላል፤ በባትሪ ብርሃን ጥርሶቹንም ዘንጉን በእጅ እያዞሩ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። ካምቢዮው አልወረደም፣ ግን ታይቷል። በሌላ በኩል ጠንካራ ሞላ ብቻ አስገብቶ «አሁን አይተፋም» የሚል ሰው ሕመሙን አስሮ ላከላችሁ እንጂ አልፈወሰም፤ የዶለደመው ጥርስ ያው ነው፣ ሹካው ደግሞ አሁን በኃይል ይታሻል።

የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ ሌላ ናፍታ ሞተር የገባበት መኪና ካላችሁ ይህንንም ጠይቁ፦ የሞተሩና የካምቢዮው ዘንግ መሐል ለመሐል መግጠሙ ተለክቷል? ትንሽ ከተዛባ የመግቢያው ኩሽኔታ ተደጋግሞ ይበላል፣ ማርሽም ይተፋል። በአንድ ዓመት ሁለተኛ ኩሽኔታ የሚጠይቅ ካምቢዮ ችግሩ ኩሽኔታው ውስጥ አይደለም።

አሁን ይውረድ እንበል፤ ምርመራው ያንን አዘዘ። ሥራው መልካም መሆኑ ከመፈታቱ በፊት መታየት ይጀምራል፦ ካምቢዮው ከውጭ ታጥቧል? በዋልካ የተለበጠ ካምቢዮ ሳይታጠብ ከተከፈተ አፈሩ ቀድሞ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። ሲወጣና ሲገባ ክብደቱ በምን ተያዘ? መግቢያው ዘንግ ሸራው ውስጥ እንዳለ ካምቢዮው ለአፍታ እንኳ ከተንጠለጠለ ሸራው ይጣመማል፤ ከዚያ «ከተጠገነ በኋላ ማርሽ አልገባ አለ» ይባላል። ኩሽኔታው በመንቀያ ወጣ ወይስ በመዶሻ? አዲሱ ኩሽኔታ ላይ የመዶሻ ጥቁር ምልክት ካያችሁ አዲስ አትበሉት። ከኩሽኔታው ክዳን ሥር የሚነጠፉት ስስ ላሜራዎች ተቆጥረው በቦታቸው ተመለሱ ወይስ ተጥለው ወፍራም ወረቀት ገባ? ይህ የመጨረሻው ጥቃቅን ይመስላል፤ ዘንጉ እንዳይጫወት የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ዕቃው ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን ከታረደ ኦራል፣ አሮጌ ዕቃ መግባቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ለእነዚህ መኪናዎች ሌላ ምርጫ ብዙም የለም። ነውሩ አንዱን ጥርስ ብቻ አምጥቶ ከማያውቀው ጋር ማጋጠም ነው። ለዓመታት አብረው የሠሩ ሁለት ጥርሶች እንደ መጅና ወፍጮ ተላምደዋል፤ ከታረደው መኪና ሲወሰዱም ጥንዱ አብሮ መምጣት አለበት። ለብቻው የመጣው ይጮሃል፣ ከዚያ የነባሩንም ጥርስ ያበላሻል። የተሰበረ ጥርስ በብየዳ ሞልቶ በቶርኖ ማስተካከልም የተለመደ ነው፤ ለቀላል ሥራ ይሆናል፣ ለአንደኛ ማርሽ አይሆንም። የፋብሪካ ጥርስ ገጹ በሙቀት የጠነከረ ነው፤ የብየዳ ሙቀት ያንን ያጠፋዋል። ለማረጋገጥ ሞረድ ይበቃል፦ በማይታይ ጥግ ላይ ሞረዱ ከተንሸራተተ ደህና፣ ከነከሰ ግን ብረቱ ለስላሳ ነው። አሮጌውን ዕቃ ሳትጠይቁት በጆንያ አድርጎ የሚያስረክባችሁ መካኒክ የሚደብቀው የለውም።

ሲጨርስ እንዴት እንደሚፈትነው ተመልከቱ። ባዶውን አንድ ዙር አዙሮ ቁልፍ የሚሰጥ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል። ጭነት ይኑርበት፣ ከገንዳ ውሃ ወደ ነጋዴ ባሕር አቅጣጫ ዳገት ይውጣ፣ ይመለስ፤ ከዚያ ወርዶ እጁን ካምቢዮው ላይ በየቦታው ያሳርፍ። አንድ ኩሽኔታ ያለበት ቦታ ከሌላው ተለይቶ ከጋለ ጠብቆ ታስሯል። ዘይቱም ጥቂት ሥራ ከሠራ በኋላ ተደፍቶ ይቀየር፤ አዲስ ዕቃ የሚጥለው ብናኝ እዚያ ውስጥ መዞር የለበትም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ካለ ትራንስፈሩን ዜሮ አድርጎ የሚያዳምጠውን ይፈልግ። ያን ያወቀ ሌላውንም ያውቃል፤ ፍርዴ ይህ ነው። ጊዜውም ይታሰብበት። በመተማና በቋራ ሰሊጥ መታጨድ ከጀመረ በኋላ መኪና ሁሉ በረሃ ውስጥ ነው፣ ጋራዡም ተጨናንቆ ያለ ምርመራ ማውረድ ይበዛል። የሚመረመር ኦራል ወይም ዚል ካላችሁ ከመስቀል በፊት ሸኸዲ አምጡት፤ ሲደርስ ሞተሩን አታጥፉት፣ ዘይቱ እንደጋለ ይሰማ።